ሃይከ ካመርሊንግ ኦነስ፦ ባዜቃን አቀዝቅዞ ዓለምን ያስገረመው ሰው

ሜርኩሪ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስታውሰው የድሮውን የትኩሳት መለኪያ ነው። መለኪያው ወድቆ ሲሰበር ብር የመሰለ ነገር ወለሉ ላይ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ይበታተናል። በአማርኛ ባዜቃ ይባላል። ብረት ነው፣ ግን እንደ ውሃ ይፈሳል። እንደ ውሃ ይፈሳል፣ ግን የፈሰሰበትን ብርጭቆ አያረጥብም።

የዛሬው ታሪካችን ይሄንን ጉደኛ ብረት ማንም ወዳላደረሰው ቅዝቃዜ ያወረደው የኔዘርላንዱ ሳይንቲስት የሃይከ ካመርሊንግ ኦነስ ሕይወት ነው። እዚያ ያገኘው ነገር ፊዚክስን ቀይሮታል። ታሪኩ ግን የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ስማቸው ወደ ዳር የተገፋ ወጣቶችም አሉበት። ትንሽ ረዘም ይላል፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ባዜቃ

አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ሊትር ባዜቃ ግን 13 ኪሎ ተኩል ነው። ከዚህ ክብደቱ የተነሳ ሚስማር ቢጣልበት አይሰምጥም፣ እላዩ ላይ ይንሳፈፋል።

ለምን ፈሳሽ ሆነ? መልሱ አተሙ ውስጥ ነው። የባዜቃ አተም መሀሉ ላይ 80 ፕሮቶኖች አሉት። ከዚህ ከባድ እምብርት አጠገብ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከብርሃን ፍጥነት ግማሽ በላይ በሆነ ፍጥነት ይሮጣሉ። እዚህ ፍጥነት ላይ የአንስታይን ሕግ ጣልቃ ይገባል። ውጤቱ የውጭዎቹን ኤሌክትሮኖችም ወደ ውስጥ ይስባቸዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ አተም የራሱን ኤሌክትሮኖች ጨብጦ ይይዝና ከጎረቤቱ ጋር የሚጋራው ነገር ይሳሳል። ያልተያያዘ ነገር ደግሞ ይፈሳል። በቃ ይኸው ነው።

ለመጠንከር ከዜሮ በታች 39 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ባዜቃ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ብረት ጠንክሮ የታየው በ1759 በሩሲያዋ ሴንት ፒተርስበርግ፣ በከባድ ክረምት፣ በረዶና አሲድ ቀላቅለው ሲያቀዘቅዙት ነው። የጠነከረው ባዜቃ ለስላሳ ነው። በመዶሻ ሲመታ ይሳሳል፣ በቢላ ይቆረጣል። ውሃ በረዶ ሲሆን ያብጣል፣ ፍሪዘር ውስጥ የረሳችሁት ጠርሙስ የሚሰነጠቀው ለዚያ ነው። ባዜቃ ግን በተቃራኒው ሲጠነክር ይኮማተራል። ይቺን ነገር ያዟት፣ ወደ ኋላ ትፈለጋለች።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ባዜቃ መጫወቻ አይደለም። ትነቱ አንጎልንና ኩላሊትን የሚጎዳ መርዝ ነው። ቤት ውስጥ መለኪያ ከተሰበረ ልጆችን አርቁ፣ መስኮት ክፈቱ፣ በባዶ እጅ አትንኩት፣ በመጥረጊያም አትጥረጉት።

የሸክላ ፋብሪካው ልጅ

ኦነስ የተወለደው መስከረም 21 ቀን 1853 በሰሜን ኔዘርላንድ፣ ግሮኒንገን በምትባል ከተማ ነው። አባቱ የጣራ ሸክላ የሚያመርት ፋብሪካ ነበረው። በ1870 እዚያው ግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዓመቱ በተካፈለበት የዩኒቨርሲቲዎች የጽሑፍ ውድድር የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ፣ ገና 18 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወደ ጀርመን፣ ሃይደልበርግ ሄዶ በዘመኑ አንቱ ከተባሉት ከቡንዘንና ከኪርሆፍ ስር ተማረ። ዶክትሬቱን በ1879 ያገኘው ምድር በራሷ ላይ እንደምትዞር በተንጠልጣይ ፔንዱለም በሚያሳይ ጥናት ነው።

በ1882፣ በ29 ዓመቱ፣ ላይደን ዩኒቨርሲቲ የሙከራ ፊዚክስ ፕሮፌሰር አድርጎ ሾመው። ሥራውን ሲጀምር አንድ መመሪያ ይዞ ገባ፦ ዕውቀት የሚገኘው በመለካት ነው። ገምቶ መናገርን አይወድም። ይለካ ነበር፣ ደግሞ ይለካ ነበር።

ምን ለመለካት? የአገሩ ልጅ ቫን ደር ቫልስ ጋዞች እንዴት ወደ ፈሳሽ እንደሚቀየሩ የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ አውጥቶ ነበር። ኦነስ ይሄ ሐሳብ እውነት መሆኑን በቁጥር ማየት ፈለገ። ለዚያ ደግሞ ቅዝቃዜ ያስፈልጋል። የፍሪጅ ቅዝቃዜ እንዳይመስላችሁ። ኦክስጅንን፣ ሃይድሮጅንን፣ በመጨረሻም ሂሊየምን ፈሳሽ የሚያደርግ ቅዝቃዜ ነው።

ከተማው ሲፈራ

ከ10 ዓመት በላይ ለፍቶ፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ኦክስጅንን በብዛት ፈሳሽ የሚያደርግ መሣሪያ ሠራ። ልክ ሥራው ሊሳለጥ ሲል ግን ሌላ ጣጣ መጣ።

ላይደን አንድ የማትረሳው ሐዘን ነበራት። በ1807 ባሩድ የጫነ ጀልባ ከተማዋ መሀል ፈንድቶ 150 ያህል ሰው ገድሏል። የኦነስ ላቦራቶሪ የተሠራው ደግሞ የት ይመስላችኋል? በዚያው ፍንዳታ በፈረሰው ቦታ ላይ! ሰዎች ፕሮፌሰሩ የታመቀ ጋዝ በሲሊንደር እያከማቸ መሆኑን ሲሰሙ ተደናገጡ። ጉዳዩ ወደ መንግሥት ሄደ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ። የቅዝቃዜው ሥራ ለ3 ዓመት ያህል ቆመ።

በዚህ መሀል፣ በ1898፣ ለንደን ላይ ጄምስ ዲዋር ቀድሞ ሃይድሮጅንን ፈሳሽ አደረገ። ዲዋርን ባታውቁትም ሥራው ቤታችሁ አለ። ሻይ የምታቆዩበት ፔርሙስ የመጣው ለቀዝቃዛ ፈሳሾች ማቆያ ብሎ ከሠራው ባለ ሁለት ግድግዳ ዕቃ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር። ኦነስ ግን ከዲዋር የሚለይበት ነገር ነበረው። ዲዋር ሥራውን ደብቆ የሚይዝ፣ ከሙያ አጋሮቹም ጋር የሚጣላ ሰው ነበር። ኦነስ ደግሞ ቀስ ብሎ ሰው አሰባሰበ። እሱ የፈለገው ላቦራቶሪ እንደ ፋብሪካ የሚሠራ ላቦራቶሪ ነው።

ሰማያዊ ለባሾቹ ልጆች

በ1901 ኦነስ የመሣሪያ ሠሪዎች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ወጣቶች እየመጡ መስታወት ማቅለጥና መንፋት፣ ብረት መቅረጽ፣ ፓምፕ መጠገን ይማራሉ። የሚለብሱት ሰማያዊ የሥራ ልብስ ስለነበር ሰማያዊዎቹ ልጆች ተባሉ። ዲግሪ የላቸውም። ነገር ግን የፕሮፌሰሩ ሙከራ ያለ እነሱ አንድ እርምጃ አይራመድም ነበር። በላያቸው ሁለት ባለ እጅ ነበሩ፦ የማሽኖቹ ኃላፊ ኸሪት ፍሊምና የመስታወት ጠቢቡ ኦስካር ኬሰልሪንግ።

ትምህርት ቤቱ ዛሬም ላይደን ውስጥ አለ።

በ1906 ላቦራቶሪው ሃይድሮጅንን በብዛት ማምረት ጀመረ። የቀረው ሂሊየም ብቻ ነው። ሂሊየም በዚያ ጊዜ እንደ ወርቅ ብርቅ ነበር። አምስተርዳም በንግድ መረጃ ቢሮ ኃላፊነት ይሠራ የነበረው ወንድሙ ኦኖ ከአሜሪካ ሞናዛይት የሚባል አሸዋ በብዛት አስመጣለት። ከአሸዋው በብዙ ድካም ሂሊየም ተጣርቶ ወጣ።

ሐምሌ 10 ቀን 1908 ሥራው ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ተጀመረ። መጀመሪያ ፈሳሽ አየር፣ በፈሳሽ አየር ሃይድሮጅን፣ በሃይድሮጅን ሂሊየም። አንዱ ለሌላው መሰላል እየሆነ ወደ ታች ይወርዳል። ቀኑ መሸ። ቴርሞሜትሩ ከአንድ ቦታ አልነቃነቅ አለ፣ ዕቃው ውስጥ ግን የሚታይ ነገር የለም። ሁሉም ያልተሳካ መስሏቸው ነበር። ሊያይ የመጣ አንድ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ምናልባት ዕቃው በፈሳሽ ተከቦ ይሆናልና ከስር መብራት አብሩበት አለ። ሲያበሩበት ፈሳሹ ታየ! ለካ ዕቃው ሞልቶ ሊጨርስ ነው። 60 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሂሊየም፣ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ። ላይደን በዚያ ምሽት በምድር ላይ እጅግ ቀዝቃዛው ቦታ ሆነች። ከዚያ በኋላ ለ15 ዓመት ያህል ሌላ ማንም ላቦራቶሪ ፈሳሽ ሂሊየም መሥራት አልቻለም።

ለምን ባዜቃ?

አሁን ኦነስ በእጁ ማንም የሌለው ቅዝቃዜ አለ። ጥያቄው ምን እናቀዝቅዝበት የሚል ሆነ። ከተመረጡት ሥራዎች አንዱ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነበር።

ኤሌክትሪክ በሽቦ ሲሄድ መንገዱ ላይ የሚይዘው ነገር አለ። ሬዚስታንስ ይባላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚግለው በሱ ነው። ስልካችሁ ቻርጅ ላይ ሲሆን የሚሞቀውም በአብዛኛው በሱ ነው። ብረት ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ እንደሚቀንስ ይታወቃል። ግን በጣም በጣም ሲቀዘቅዝስ? እዚህ ላይ ሳይንቲስቶች ተከፋፍለው ነበር። አንዳንዱ ቀስ እያለ ወደ ዜሮ ይሄዳል ይላል። ሌላው ከሆነ ደረጃ በኋላ አይቀንስም ይላል። ብሪታንያዊው ሎርድ ኬልቪን ደግሞ ኤሌክትሮኖቹ ራሳቸው በርደው ሊቆሙ ስለሚችሉ ኤሌክትሪክ ጭራሽ አያልፍም የሚል ግምት ነበረው።

ኦነስ መጀመሪያ ፕላቲኒየምና ወርቅ ሞከረ። ሬዚስታንሳቸው ወርዶ ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ኦነስ ምክንያቱ ብረቶቹ ውስጥ ያለ ቆሻሻ ነው ብሎ አሰበ። ስለዚህ ፍጹም ንጹሕ ብረት ፈለገ። የትኛው ብረት ነው ደጋግሞ ሊጣራ የሚችል? ፈሳሽ የሆነው! ባዜቃን እንደ አረቄ አፍልተህ፣ ትነቱን አቀዝቅዘህ፣ ደግሞ አፍልተህ ማጣራት ትችላለህ። ፈሳሽነቱ ንጹሕ አደረገው፣ ንጽሕናው ደግሞ አስመረጠው።

ግን ፈሳሽ ነገር ሽቦ አይሆንም። ኬሰልሪንግ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ቱቦዎች ሠራ። ባዜቃው እዚያ ውስጥ ተሞልቶ ሲቀዘቅዝ የባዜቃ ሽቦ ይሆናል። ቅድም ያዟት ያልናችሁ ነገር እዚህ ላይ ትመጣለች፦ ባዜቃ ሲጠነክር ስለሚኮማተር ክሩ መሀል ላይ ሊበጠስ ይችላል። ከተበጠሰ ኤሌክትሪክ አያልፍም፣ ሙከራውም ዋጋ የለውም። ለዚህ በየቱቦው ላይ ትንሽ የባዜቃ ማጠራቀሚያ ተሠራ። ባዜቃው ሲኮማተር ከማጠራቀሚያው እየወረደ ክፍተቱን ይሞላል። ትልቁ ግኝት ያረፈው እንዲህ ባለች ትንሽ የእጅ ጥበብ ላይ ነው።

ሚያዝያ 8 ቀን 1911

የዚያን ቀን ፍሊም ማቀዝቀዣውን ይዟል። ኦነስና ዶርስማን የተባለ ረዳቱ ቅዝቃዜውን ይከታተላሉ። ኤሌክትሪኩን የሚለካው ደግሞ ጂልስ ሆልስት ነው፤ የ25 ዓመት ወጣት። ማሽኖቹ ስለሚንቀጠቀጡ የሱ መለኪያ ራቅ ያለ ክፍል ውስጥ ነበር።

ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ገደማ ላይ ባዜቃው አሁንም ሬዚስታንስ ነበረው። ትንሽ ወረድ ሲያደርጉት ግን መለኪያው ምንም ነገር አላሳይ አለ። የሚለካ ነገር ጠፋ። የመጀመሪያው ጥርጣሬ አንድ ቦታ ሽቦ ተነካክቶ ይሆናል የሚል ነው። ደጋግመው ፈተሹት፣ ያው ነው።

በመጸው እንደገና በጥንቃቄ ሲለኩት ይበልጥ ገረማቸው። ኦነስ የጠበቀው ሬዚስታንሱ ቀስ እያለ እንዲጠፋ ነበር። ቁጥሩ ግን እንደ ገደል ነው የወረደው። ከ0.1 ኦም በላይ የነበረው፣ ቅዝቃዜው ከአንድ ዲግሪ መቶኛ ጥቂት ያህል ሲጨምር ከ0.00001 ኦም በታች ሆነ። የባዜቃ ክር በድንገት ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ኪሳራ ማሳለፍ ጀመረ ማለት ነው። ዛሬ ሱፐርኮንዳክቲቪቲ የምንለው ይሄ ነው።

በነገራችን ላይ፣ አንድ ሰማያዊ ለባሽ ልጅ ማቀዝቀዣውን ሲጠብቅ እንቅልፍ ወስዶት፣ ሙቀቱ ከፍ ብሎ፣ በዚያ አጋጣሚ ገደሉ ታየ የሚል ታሪክ ለብዙ ዓመት ተወርቷል። የላቦራቶሪው ማስታወሻ ደብተሮች ሲነበቡ ግን ለዚህ ማረጋገጫ አልተገኘም። ደብተሮቹ ውስጥ ያለው በጥንቃቄ የተደረገ ልኬት ነው።

ሌላም ጉድ አለ። በዚያው ሚያዝያ 8 ቀን፣ ቅዝቃዜውን የበለጠ ሲያወርዱት ሂሊየሙ መፍላቱን በድንገት እንዳቆመ በደብተሩ ላይ ተጽፏል። ይሄ ሂሊየም ያለ ምንም ፍትጊያ ወደሚፈስ ልዩ ፈሳሽነት የሚቀየርበት ምልክት ነበር። አዩት፣ ጻፉት፣ ግን ምን እንደሆነ አላወቁም። ዓለም ነገሩን የተረዳው ከ25 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

የተሳሳተ ሐሳብ፣ ትክክለኛ ውጤት

ቀጥሎ የመጣው ነገር ደግሞ ያስቃል። ኦነስ ሆን ብሎ ባዜቃውን ከሌላ ብረት ጋር ቀላቀለው። የተበከለውም ሬዚስታንሱን አጣ! በ1912 መጨረሻ ቆርቆሮና እርሳስም እንደዚያው ሆኑ። እርሳስ፣ ያ ተራ ብረት። ንጹሕ የሆነው ወርቅ ግን እምቢ አለ። ስለዚህ ባዜቃ የተመረጠበት ምክንያት ልክ አልነበረም። ምርጫው ግን ልክ ሆኖ ተገኘ።

በ1913 ኦነስ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ሽልማቱ በዋናነት በቅዝቃዜ ምርምሩና በፈሳሽ ሂሊየም ነው እንጂ በባዜቃው ግኝት አልነበረም። በ1914 ደግሞ የእርሳስ ጥቅልል ላይ ኤሌክትሪክ ለቆ ባትሪውን ነቀለው። ኤሌክትሪኩ ለሰዓታት ያለ ምንም ባትሪ ሲዞር ኮምፓስ አጠገቡ አድርገው ተመለከቱ፤ መርፌው አልተመለሰም።

ያልተሳካለትም አለ። ከዚህ ሽቦ ግዙፍ ማግኔት መሥራት አልሞ ነበር። ግን ማግኔቱ ሲበረታ ሱፐርኮንዳክቲቪቲው ራሱ ይጠፋል። ሕልሙ እሱ በሕይወት እያለ አልተፈታም። ነገሩ ለምን እንደሚሆን የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ የመጣውም በ1957 ነው።

ስሙ የቀረው ማነው?

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያንን መለኪያ በዓይኑ ያየው ሆልስት ነበር። ጽሑፉ ሲታተም ግን ደራሲው ኦነስ ብቻ ነው። የሆልስት ድርሻ በጽሑፎቹ ውስጥ በምስጋና መልክ ተነስቷል፣ በደራሲነት ግን የለም። በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ አሠራሩ እንዲህ ነበር፣ ላቦራቶሪው የፕሮፌሰሩ ነው። ሥራውን ያቀደው፣ 25 ዓመት የደከመበትና የገንቦውን ሁሉ ዋጋ የከፈለው ኦነስ መሆኑም እውነት ነው። ያም ሆኖ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ሆልስት ግን ቁጭ ብሎ አላዘነም። በ1914 ፊሊፕስ ኩባንያ ገብቶ የምርምር ማዕከሉ የመጀመሪያው ኃላፊ ሆነ፣ በዓለም ከሚታወቁ የኢንዱስትሪ ላቦራቶሪዎች አንዱ አደረገው።

ኦነስ ደግ ሰው እንደነበር ብዙዎች ይመሰክራሉ። ጤናው ደካማ ነበር፣ ሳንባው ዕድሜ ልኩን አስቸግሮታል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በረሀብ ለተጎዱ አገሮች ሕፃናት እርዳታ ያሰባስብ ነበር። ሥራ ላይ ግን ጨካኝ ሊባል የሚችል አለቃ ነው። ሲሞት እንኳ የተወራው ይሄው ነው። የካቲት 21 ቀን 1926 አርፎ ቀብሩ ሲሄድ፣ ሠረገላው ስለፈጠነ ቴክኒሻኖቹ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ከኋላ ሊሮጡ ደረሱ። ሽማግሌው ሞቶም ያሯሩጠናል ብለው ተሳሳቁ ይባላል።

ዛሬስ?

ሆስፒታል ውስጥ ኤም አር አይ የሚባለውን ትልቅ ቀዳዳ ያለው ማሽን አስቡት። አብዛኞቹ ውስጥ ያለው ማግኔት ሬዚስታንስ በሌለው ሽቦ የተጠቀለለ ሲሆን በፈሳሽ ሂሊየም ይቀዘቅዛል። ኦነስ ያልተሳካለት ማግኔት ማለት ነው፣ ሌሎች ብረቶች ተገኝተው ተሠራ። ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ድንበር ላይ ያለው 27 ኪሎ ሜትር የሰርን ማሽንም በዚሁ ይሠራል። ሽቦዎቹን የሚያቀዘቅዘው ደግሞ በ1911 አይተውት ያላወቁት ያ ልዩ ሂሊየም ነው። የአንድ ቀን ደብተር ሁለት ገጠመኞች አንድ ማሽን ውስጥ ተገናኙ።

የኦነስ ስም በላቦራቶሪ፣ በመጻሕፍት፣ በኖቤል ዝርዝር ላይ አለ። የሚገባው ነው። ከባዜቃው ክር ጀርባ ግን መስታወቱን የነፋ፣ ፓምፑን የጠበቀ፣ ቁጥሩን ያነበበ ሰው አለ። ሙከራ ዘንድሮም እንዲሁ ነው የሚሠራው። አንድ ሥራ ሲሞገስ ስንሰማ አብረው የነበሩት እነማን ናቸው ብለን ብንጠይቅ መልካም ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? የሆልስት ስም ከኦነስ ስም ጎን መጻፍ ነበረበት? ኮሜንት ላይ እንወያይ።